ገጽ ሃያ ሦስት

የገዛ ልጄን ጥናት ቀድጄ የጋራዤ በር ላይ የለጠፍኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲያወራው ከምትሰሙ ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። የሰፈሩ ሰው እንደሆነ ግማሹን ቆርጦ፣ በግማሹ ላይ ቀጥሎበት ነው የሚያወራው። እኔም ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም፤ ነገሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ሰው «ጆሮ» ይለኛል። መኪናው ገና መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ድምፁን ሰምቼ «የዚህ ካንዴላው ነው፣ የዚህኛው ቺንጊያው ላልቷል» ስለምል የወጣልኝ ስም ነው። ቤታችን የተሠራው፣ ልጄ የተማረችው በዚሁ ጆሮ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማዶ፣ ድሮ የእንጨት መጋዘን በነበረበት ቦታ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ተገተረ። የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ነው። ባለቤቱ ከረባቱ አረንጓዴ፣ ወንበሩ አረንጓዴ፣ እስክሪብቶው ሳይቀር አረንጓዴ ስለሆነ ከወዲህ ማዶ ያለነው ስሙን ሳንጠይቅ «አረንጓዴው» አልነው። ከሕንፃው አናት ላይ ያሰቀለው ሰሌዳ የኔን ደጅ ቁልቁል እያየ እንዲህ ይላል፦ «ጭስ የለም። ዘይት የለም። ጥፋት የለም።»

ጥፋት የለም! በየማለዳው በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ይህን ነው። ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ ስድብ ሲጎርስ እንዴት እንደሚውል አስቡት።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ታክሲውን ከኔ ሌላ ሰው አስነክቶ የማያውቅ ሹፌር ነበረ። አንድ ቀን መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። አልሰማሁትም። ዘወር ስል የአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና መስኮት ዝቅ አድርጎ ይስቃል።

«ጋሼ፣ ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው። ካሁን በኋላ እንግዲህ ዘይት ቅየራ የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ።»

ክፋት የለውም፤ ደስ ብሎት ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ጥርሴ ሳቀ፣ አንጀቴ አረረ።

ልጄ የምትሠራው በከተማው የአካባቢ ጥበቃ ላቦራቶሪ ነው። አየርና ውሃ ትለካለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤንዚን መኪናና የኤሌክትሪክ መኪናን ስታነጻጽር ነበር፤ «ከመወለዳቸው እስከ መቀበራቸው» ነው የምትለው። ማዕድኑ ከመሬት ሲወጣ፣ ፋብሪካ ሲገባ፣ መኪናው መንገድ ላይ ሲነዳ፣ በመጨረሻም ቁርጥራጭ ብረት ሲሆን የቱ ምን ያህል እንደሚያጨስ፣ የቱ ምን ያህል እንደሚመርዝ ልታውቅ ነው። የቤንዚኑን በኩል የረዳኋት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ትመጣለች፤ በርሜል ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ትቀመጥና ትጠይቀኛለች።

«አባዬ፣ አንድ ታክሲ በዓመት ስንት ጊዜ ዘይት ይቀይራል?»

እነግራታለሁ።

«ያረጀ ሞተር ከአዲሱ ምን ያህል ይበልጥ ያጨሳል?»

«ጭሱ በሚወጣበት ማርሚታ አፍ ላይ ነጭ መሐረብ ያዢና እዪው» አልኳት ለቀልድ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ነጭ መሐረብ ይዛ መጣች! ደንበኞቼን አሰልፋ የሁሉንም ማርሚታ ጠረገች፤ መሐረቦቹን በየተራ ቁጥር ጽፋ በፕላስቲክ አሸገቻቸው። እንዴት እንደኮራሁባት አትጠይቁኝ።

«የተቃጠለው ዘይትስ አባዬ? ከመኪናው ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?»

«ይሄዳል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።

ጥናቱ አልቆ ሲታተም ለኔና ለእናቷ አንድ ቅጂ ይዛልን መጣች። ስድሳ ገጽ ነው። መግቢያው ላይ «ሞተርን ላስተማረኝ ለአባቴ» ይላል። እናቷ አለቀሰች። እኔ መነጽሬን አድርጌ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሣሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ በሚወጣበት ቀን ከቤንዚን መኪና የበለጠ ጭስ አስወጥቶ ነው የሚወለደው ይላል፤ በተለይ በባትሪው የተነሣ። የባትሪውን ማዕድን ለማውጣት የሚገለበጠው ተራራ፣ የሚደርቀው ውሃ፣ የሚመረዘው አፈር በዝርዝር ተጽፏል። ያንን ገጽ ሦስቴ አነበብኩት። ገጽ ሃያ አራትን አላነበብኩም። ገጽ ሃያ አራት «ነገር ግን» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ማክሰኞ ጠዋት ገጿን ከጥራዙ ቀደድኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ የበር ያህል አስተልቄ አስነሣኋትና ጋራዤ በር ላይ ለጠፍኳት። ከላይዋ በቀይ ቀለም «ጥፋት የለም አላችሁ? የባለሙያ ምስክር ይኸው!» ብዬ ጻፍኩባት። የልጄን ስም ከሥር አሰመርኩበት።

ሰው ተሰበሰበ፤ አነበበ። «ጉድ ነው፣ እኛ ንጹሕ መስሎን!» ያለ ሁሉ ሆዴን ቅቤ አጠጣው። ደስታዬ ግን ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም። ሐሙስ ዕለት በሬን ስከፍት አረንጓዴውም መስታወቱ ላይ የበር ያህል ወረቀት ለጥፏል። የልጄ ጥናት፣ ገጽ አርባ አንድ። «በሙሉ ዕድሜው ሲታይ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ያነሰ ብክለት ያስከትላል።» በአረንጓዴ ቀለም የልጄ ስም ከሥር ተሰምሮበታል።

በኋላ ነው ያየሁት፤ እሷ «ያስከትላል» ካለች በኋላ «ይህም የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ከምን እንደሚመነጭና ያለቀ ባትሪ የት እንደሚደርስ ከታወቀ ነው» ብላ ቀጥላ ነበር። እሷ ነጠላ ሰረዝ ያደረገችበት ቦታ ላይ እሱ አራት ነጥብ አስቀምጦበታል።

ያን ቀን ልጄ መጣች። ከመሥሪያ ቤት ነው የመጣችው፤ ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። መጀመሪያ ማዶ ተሻግራ አረንጓዴው ጋ ገባች። በመስታወቱ በኩል እጇን ስታወራጭ አየሁ። ደስ አለኝ፤ «በርቺ!» አልኩ ለራሴ። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግራ ወደኔ መጣች። ዓይኗ ደም ለብሷል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ያንቺው ጽሑፍ ነዋ። ውሸት ነው እንዴ?»

«ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው! ውሸት ቢሆን ሰው ይነቃበት ነበር፤ ይሄን ግን የኔ ስም አለበት ብሎ ያምነዋል። ገጽ ሃያ አራትን አንብበኸዋል?»

መፍቻዬን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«'ነገር ግን' ይላል! ነገር ግን መንገድ ላይ ወጥቶ ጥቂት ዓመት ሲነዳ ሲወለድ ያጨሰውን ያካክሳል። የኛ ከተማ መብራት ከግድብ፣ ሲጠፋ ደግሞ ከናፍጣ ጄኔሬተር ስለሆነ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ያካክሳል። እነዚህ ያንተ ታክሲዎች ግን ከተወለዱ እስኪሞቱ ድረስ ያጨሳሉ። መሐረቦቹን አብረን አይተናቸው የለም እንዴ?»

«ሂጂና ይሄን ለሱ ንገሪዋ!»

«እሱ ጋ ነበርኩ። ቆርጠህ ለጠፍክ ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'አባትሽስ?' አለኝ። መልስ አጣሁ አባዬ። ለዚያ ሰው መልስ አሳጣኸኝ!»

ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ፣ መኪና አጣቢዎቹ፣ ደንበኞቼ፣ ሁሉም ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ልጄ በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግብኝ ደሜ ፈላ።

«ይሄ ዘይት የጠገበ እጄ ነው ያስተማረሽ!» አልኳት፤ ሁለት መዳፌን ፊቷ ላይ ዘርግቼ።

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «ዘይቱ የት እንደሄደም አውቃለሁ።»

ከቦርሳዋ ጥናቱን አውጥታ ገጽ ሃምሳ ሁለትን ከፈተችልኝ። ከጋራዤ ጀርባ የሚያልፍ የጎርፍ ቦይ አለ። በአስፋልቱ ሥር በቱቦ ይሾልክና በአረንጓዴው ጓሮ በኩል አድርጎ ቁልቁል ወደ አትክልት እርሻዎቹ ይወርዳል። ልጄ ውሃውን ሦስት ቦታ ላይ ቀድታ ለክታዋለች። «ከአንድ ጋራዥ በላይ» ደህና ነው። «ከጋራዡ በታች» የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን፣ እርሳስ። «ከአንድ የመኪና መሸጫ ጓሮ በታች» ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ መርዝ ተጨምሮበታል፤ ተጋጭተው የመጡ መኪኖች ባትሪ ጣሪያ በሌለው ጓሮ ተከምሮ ዝናብ እየመታው ይንጠባጠባል።

«ስምህን አልጻፍኩም፤ የሱንም አልጻፍኩም» አለችኝ። «ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። ምነው በተሳሳትኩ ብዬ ነበር።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«አባትሽን ልትከሺ ነው ጠርሙስ ይዘሽ ጓሮ ለጓሮ ስትዞሪ የከረምሽው? ውጪልኝ! ሁለተኛ ይሄን ደጅ እንዳትረግጪ!»

አላለቀሰችም። ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቱን አራት ማዕዘኑን በጥፍሯ እያላቀቀች አወረደችው፤ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አድርጋ ሄደች።

ማታ እናቷ ራቴን አቀረበችና አጠገቤ መቀመጡን ትታ ቆማ ታየኝ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ላንተ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሁሉም ጋራዥ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት! ጉድጓድ ቆፍር፣ ዘይቱን በበርሜል አጠራቅም ያለኝ ማን አለ?»

«አሁን ልጅህ አለችህ። አባረርካት።»

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ግማሹን ላወራላችሁ አልጀመርኩም። እልህ ያዘኝ። ድሮ ዘይቱን ወደ ቦዩ የምደፋው ግራ ቀኝ አይቼ ነበር። ያን ሰሞን ግን የሞተር ዕቃ ያጠብኩበትን ቤንዚን ሳይቀር ባልዲ ባልዲውን እየያዝኩ፣ ቀና ብዬ፣ ማንም እያየኝ ደፋሁት። ልጄን የምቀጣት ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ተከታትሎ የዘነበው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር፤ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ምሳ ልንበላ እጃችንን ስንታጠብ ከማዶ አንድ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማሁ። ከአረንጓዴው ጓሮ ነጭ ጭስ ተነሣ። ከዚያ ዷ! ዷ! ሠራተኞቹ ኮታቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወደ አስፋልቱ ፈሰሱ። አንደኛው ዘበኛ በባልዲ ውሃ ሲደፋበት እሳቱ ጭራሽ ተፋው። ከተከመሩት ባትሪዎች አንዱ ፈነዳና የሚነድ ቁራጭ ወደ ቦዩ ወረወረ።

እሳት ውሃ ላይ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ቦዩን ይዞ ቁልቁል ተነሣ። ሰው «ውሃው ነደደ! ውሃው ነደደ!» ብሎ ይጮኻል። የነደደው ውሃው አልነበረም። የኔ ቤንዚን ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያወቅኩት፤ ቆሜ ቀረሁ።

ከታች የሴት ጩኸት ስሰማ ነው እግሬ የተፈታው። እርጥብ ጆንያ አነሣሁና ሮጥኩ። እዚያ ሰላጣና ቲማቲም አልምታ የምትሸጥ አትክልተኛ አለች። ማጠጫዋን ቦዩ ውስጥ ነክራ ሳለ ነው እሳቱ የደረሰባት። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። በጆንያው ጠቅልዬ አቀፍኳትና ዳገቱን ይዤ ወጣሁ። ያ ሹፌር፣ የታክሲው ደንበኛዬ፣ ጭሱን አይቶ ቆሞ ኖሮ «ጋሼ፣ ያስገቧት!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። በዚያች ድምፅ በሌላት መኪና ሐኪም ቤት ወሰድናት። የሷ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ግማሽ መንገድ ላይ ጩኸቷን አቆመችና ቱታዬን አሸተተች።

«ጋራዥ ነው የምትሠራ?»

«አዎ እህቴ።»

«ይሄ ሽታ ነው። ውሃዬ ሁልጊዜ የሚሸተኝ ይሄ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስከ ማምሻው ታገሉ። ጠፋ ብለው ቱቦአቸውን ሲጠቀልሉ ባትሪው መልሶ ይነሣል፤ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። የዚያ ጭስ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከመጋረጃችን አልለቀቀም። ሰሌዳው እኮ «ጭስ የለም» ነበር የሚለው።

በማግስቱ አረንጓዴው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ፦ «እሳቱን ያዛመተው ከአንድ ጋራዥ በሕገ ወጥ መንገድ የተለቀቀ ቤንዚን ነው።» እውነቱን ነው። የጋራዥ ባለቤቶች ማኅበራችንም መግለጫ አወጣ፦ «እሳቱን ያስነሣው በግዴለሽነት የተከማቸ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው።» ይሄም እውነት ነው። የልጄ ቃል ትዝ አለኝ፦ «ግማሽ ነው!»

የከተማው አስተዳደር ስብሰባ ጠራ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ከቀኑ በፊት ጋራዥ ድረስ መጣ። የተዘጋጀ ንግግር ይዟል።

«አንተ ነህ የምትናገረው። ሴትዮዋን ያዳንካት አንተ ስለሆንክ ሰው ይሰማሃል። ስለ ባትሪው ተናገር፤ ስለ ቦዩ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። አንተ ብቻ አይደለህም የምትነካው፤ ሁላችንም ነን።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጄ የውሃ ጠርሙሶቿን በሳጥን ደርድራ ከፊት ተቀምጣለች። ዞራም አላየችኝ። መጀመሪያ አረንጓዴው ተናገረ። ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ልጆቻችን የወደፊት ሕይወት አወራ፤ ጓሮውን አንዴም አላነሣም። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። የማኅበሩን ወረቀት አወጣሁ፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«ባትሪው የሱ ነው» አልኩ። «ቤንዚኑ የኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘይቴን ቦይ ውስጥ ስደፋ ኖሬአለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ልጄ ነግራኝ፣ አውቄ፣ በእልህ ደፋሁ። የሴትዮዋን እጅ ያቃጠልነው ሁለታችን ነን።»

ሊቀመንበሩ ከኋላ «ተቀመጥ አንተ! ማን ወከለህ?» ብሎ ጮኸ። አረንጓዴው ብድግ አለ። «አመነ! ሰማችሁ? በአንደበቱ አመነ!»

«አዎ አመንኩ። ተራው ያንተ ነው!» አልኩት። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «የተሰነጠቀ ባትሪህን ዝናብ ላይ የከመርከው ለምንድነው? ቀጥል!»

«ድርጅታችን ከጭስ ነጻ የሆነ...» ብሎ ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ባትሪውን ለምን ሌላ ቦታ አልወሰድክም ተብሎ ሲጠየቅ «የሚወሰድበት ቦታ አልተነገረንም» አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ መድረኩ፣ ስብሰባውን ወደሚመራው የከተማው ኃላፊ ዞረ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ፦ «ይህ ጉዳይ ወደፊት በጥናት...»

ልጄ ተነሣች።

«ጥናቱ ተጠንቷል። ገጽ ሃምሳ አራት ላይ ነው። ያለቀ ባትሪ የሚከማችበት ጣሪያ ያለው ቦታ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበሰብበት ጣቢያ ያስፈልጋል ብዬ ጽፌ ለቢሮዎ ያስገባሁት ከሰባት ወር በፊት፣ ገና ሳይታተም ነው። ፊትዎ ያለው እሱ ነው።»

ኃላፊው ጥናቱን አነሣ። ገና ከፕላስቲኩ እንኳ አልወጣም ነበር። በጥፍሩ ሲቀደው የፕላስቲኩ ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ልጄ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሁላችሁም የኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ የቤንዚን እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ» አለች። «የኤሌክትሪኩ ይሻላል። ጽፌዋለሁ፤ አባቴም እየሰማኝ እደግመዋለሁ። ግን የተሻለውን መኪና ይዞ የባሰ ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ የኔ መለኪያ ምን ያድርግ? አንዳችሁም እስከ መጨረሻው አላነበባችሁትም!» ተቀመጠች።

የሆነው ይህ ነው፦ ጋራዤ የዘይት ማጠራቀሚያ እስኪሠራ ሦስት ወር ታሸገ። አረንጓዴው ባትሪዎቹን አንስቶ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው መጋዘን እንዲያስገባ ታዘዘ፤ አንስቷል፤ ሰሌዳው ግን እንደተሰቀለ ነው። የማኅበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ኃላፊው ኮሚቴ አቋቁሟል። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም።

አትክልተኛዋ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ልጠይቃት ሄድኩ። ሁለት እጇ ተጠቅልሎ ማሳዋ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሰላጣው መደብ ጥቁር ነው፤ ከላዩ እንደ ቅባት ያብለጨልጫል።

«እህቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታህን ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ልትከለው? ይሄ እጅ ለስድስት ወር መኮትኮቻ አይዝም ብለውኛል። ይቅርታህ ይኮተኩትልኛል?»

ጎንበስ ብዬ ከመደቡ አፈር ዘግኜ አሸተትኩ።

«አካፋ አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ይሄን አፈር አውጣልኝ። ከዚያ ስለ ይቅርታው እናያለን። ላናይም እንችላለን።»

በማግስቱ ጀመርኩ። ጋራዡ ታሽጎ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ያወጣሁትን አፈር ዳር ላይ ከመርኩት። በአራተኛው ቀን ከኋላዬ «እዚያ አትከምረው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ናት። የላስቲክ ጓንት አጥልቃለች፤ ጠርሙሶቿንም ይዛለች። ካባረርኳት ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ዝናብ ሲመጣ መልሶ ይወርዳል። ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ክተተው።»

«ከዚያስ የት ልውሰደው?»

«ይሄን ጥያቄ ነው ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው» አለች። «የላቦራቶሪው ግቢ ውስጥ ቦታ አስፈቅጃለሁ። ለጊዜው።»

ጎንበስ ብላ ከጉድጓዱ ሦስት ቦታ ላይ አፈር ወሰደች፣ ቁጥር ጻፈችባቸው። ቀና ስትል ፊቷን አየሁት።

«ያን ቀን በአዳራሹ የተናገርኩት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰማሁህ። ደግ አደረግክ። ግን እጇን እያት አባዬ።» አየኋት። «እኔ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ቶሎም አይወጣልኝም፤ እንድታውቀው ነው።»

«ተናደጂ» አልኳት። «እኔም በራሴ ተናድጃለሁ።»

ከሦስት ቀን በኋላ ውጤቱን ይዛ መጣች። ወረቀቱን ልትሰጠኝ ስትል ተወችውና ራሷ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። አትክልተኛዋ ከበርጩማዋ ሆና ትሰማለች።

«እና?» አልኳት።

«ገና ነው። አንድ ክንድ ያህል መቆፈር ይቀርሃል።»

አትክልተኛዋ በተጠቀለለ እጇ ወደ ማሳው ጥግ አመለከተችኝ። «እዚያም አለ! አላየሁትም እንዳትል!»

ልጄ በርሜሉን እያንከባለለች ወደ ጥጉ አስጠጋችልኝ። አካፋዬን አነሣሁ።